የማይታየውን ያሳየ ሰው፤ የዊልሄልም ሮንትገን የሕይወት ታሪክ

ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታም እንጦጦን አልፎ በጎጃም መንገድ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ የሚገባውን ሕዝብ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሰፊ ፖስታ በጭኑ ላይ አጋድሞ የያዘ በሽተኛ ወይም አስታማሚ አያጣም። ፖስታው እንዳይታጠፍ ይጠነቀቁለታል፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር በሁለት እጃቸው ይይዙታል። አንዳንዱም ትዕግሥት አጥቶ በውስጡ ያለውን ጥቁር ፊልም መዝዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና ያደርገውና፣ ምኑም ሳይገባው ጥቂት ትክ ብሎ አይቶ መልሶ ይከተዋል። ይህ ጥቁር ፊልም ራጅ የምንለው ነው።

እኔ ያደግሁት በሰበታ ስለ ሆነ ይህን ፖስታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በሰፈራችን አጥንቱ የተሰበረ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው በጣቶቹ ዳስሶ ስብራቱ የት እንዳለ ያውቃል፤ በቅቤ አሽቶ፣ በቀርከሃ ደግፎ ያስረዋል። ብዙ ጊዜም ይድናል። አንዳንድ ጊዜ ግን እስሩ ጠብቆ ደም ይከለክላል፣ አለዚያም አጥንቱ ተጣሞ ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ዘመድ ተመካክሮና ገንዘብ ተበድሮ በሽተኛውን ወደ ከተማ የሚወስደው። የጎረቤታችን ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ በተሰበረ ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ራጁን የተነሣው በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ፊልሙ ሁሉን ነገር በግልጥ አሳየ፤ ነገር ግን የመጣው ከረፈደ በኋላ ስለ ሆነ ልጁ ዛሬም ያን ክንዱን ቀና አድርጎ መዘርጋት አይችልም።

ይህን ብርሃን ያገኘው ማን ነው? በስንትስ ሸጠው? ብዬ ለማወቅ የፈለግሁት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ የፊዚክስ ተማሪ አይደለሁም፤ ስለዚህ ከማሽኑ ይልቅ የሰውየውን ሕይወት መከተል ቀለለኝ። ያገኘሁትን ለጓደኞቼ ለተማሪዎች እነሆ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ በእኛ የቆጠርሁበት ቦታ ሲኖር ለይቼ እናገራለሁ።

ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን የተወለደው መጋቢት 27 ቀን 1845 በጀርመን አገር ሌኔፕ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ እናቱ ከሆላንድ ወገን ነበረች። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ሆላንድ ተሻግሮ አፔልዶርን በተባለ ከተማ ተቀመጠ። በትምህርቱ የተመሰገነ አልነበረም። ወደ ገጠር ወጥቶ በዱር መዘዋወርንና በእጁ ልዩ ልዩ መሣሪያ መሥራትን ይወድ ነበር።

በ1862 ዩትሬክት ወደሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ሕይወቱን ሊያበላሽ የደረሰ ነገር አጋጠመው። አንድ ተማሪ የአንዱን መምህር መልክ አጣሞ የሚያስቅ ሥዕል ሣለ። ሮንትገን ቆሞ እየሳቀ ሳለ መምህሩ ደረሰ። የሣለውን ልጅ ስም እንዲናገር ታዘዘ፤ እንቢ አለ። ተለምኖም ተገሥጾም ጓደኛውን አሳልፎ አልሰጠም። በዚህ ምክንያት ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። እኛ ተማሪዎች ይህን ስንሰማ እንደ ቀላል የልጅነት ወሬ ልንቈጥረው እንችላለን፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት የሌለው ወጣት የዩኒቨርሲቲ በር ተዘግቶበት ይቀር ነበር። በግሉ ተፈትኖ ምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ጥቂት ጊዜ በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ እንደ መደበኛ ተማሪ ሳይቈጠር ትምህርት አዳመጠ።

ከዚህ በኋላ በስዊስ አገር የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ያን ምስክር ወረቀት የግድ እንደማይል ሰማ። በ1865 ሄደና ተቀበሉት። በ1868 በመካኒካል ምሕንድስና ተመረቀ፤ በሚከተለውም ዓመት ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። አውጉስት ኩንት የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ረዳቱ አድርጎ ወሰደው። ሮንትገን ነገርን በትዕግሥት መለካትን፣ መሣሪያን በገዛ እጅ መሥራትን የተማረው ከኩንት ነው። በዚያው በዙሪክ ተማሪዎች ይሰበሰቡበት የነበረ ምግብ ቤት ባለቤት ልጅ የሆነችውን አና ቤርታን አወቀ፤ በ1872 ተጋቡ። ልጅ ስላልወለዱ ኋላ የእርሷን የወንድም ልጅ በስድስት ዓመቷ ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጓት።

ኩንት በ1870 በጀርመን አገር ወደ ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ሮንትገን ተከተለው። በዚያ ግን አሮጌው ቁስል ተቀሰቀሰ። ዩኒቨርሲቲው የሁለተኛ ደረጃውን ምስክር ወረቀት ስላላገኘ በመምህርነት ሊመድበው አልፈቀደም። የዶክተርነት ማዕርግ የያዘ ሰው በአንድ የልጅነት ሥዕል ምክንያት ከበር ተመለሰ ማለት ነው። እርሱ ግን አልተማረረም፤ ከመምህሩ ጋር ወደ ስትራስቡርግ ሄዶ በ1874 የማስተማር ፈቃድ አገኘ፤ ከዚያም በሆሄንሃይም፣ እንደ ገና በስትራስቡርግ፣ በኋላም በጊሰን አስተማረ። በ1888 ያ ፊት የነሣው የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ፕሮፌሰርና የፊዚክስ ክፍል አለቃ አድርጎ ጠራው። በ1894 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የበላይ አስተዳዳሪ ሆኖ ተመረጠ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ኅዳር 8 ቀን 1895 ዓርብ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አንባቢ ይህን 1888 የተባለ ዓመት ልብ ይበል። በዚያ ወር ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጃቸውን አስነግረው ሠራዊታቸው ወደ ሰሜን በመጓዝ ላይ ነበር። በዚያው ወር በቩርትስቡርግ አንድ የኀምሳ ዓመት ሰው በጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞ ነበር።

በዚያ ዘመን የፊዚክስ ሊቃውንት ሁሉ የሚጫወቱበት አንድ ዕቃ ነበረ። አየሩ ከሞላ ጎደል ተመጥጦ የወጣለት የብርጭቆ ቱቦ ሲሆን፣ በሁለቱ ጫፎቹ ብርቱ የኤሌክትሪክ ኀይል ሲሰጠው ይበራል። ሮንትገን በዚያ ማታ ቱቦውን ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ካርቶን ጥቅልል አድርጎ ሸፈነው። ክፍሉን አጨለመና ኤሌክትሪኩን ለቀቀ። ከካርቶኑ ምንም ብርሃን አልወጣም። ነገር ግን ራቅ ብሎ፣ ባሪየም ያለበት ልዩ ቅመም የተቀባ ወረቀት በጨለማው ውስጥ ሲያበራ አየ። ኤሌክትሪኩን ሲያቋርጥ ብርሃኑ ይጠፋል፤ ሲለቅ ይመለሳል። ወረቀቱን እስከ ሁለት ሜትር ቢያርቀውም ያበራ ነበር።

ከቱቦው አንድ የማይታይ ነገር እየወጣ፣ ካርቶኑን አልፎ፣ ወረቀቱን ይመታ ነበር ማለት ነው። ሮንትገን መጽሐፍ ቢያቆምበት አለፈ፤ ሳንቃ ቢያቆምበት አለፈ። እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ግን ከለከለው። ይህን ለመፈተን ትንሽ ዕቃ በእጁ ይዞ ሳለ በወረቀቱ ላይ የገዛ ጣቶቹን አጥንት ጥላ አየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ጨረር በዚያ ማታ አልተፈጠረም። እንዲህ ያሉ ቱቦዎች በብዙ አገር ላቦራቶሪዎች ለዓመታት ሲበሩ ኖረዋል። በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ በ1890 ሁለት ሰዎች ሳያውቁት በፎቶግራፍ ሳህን ላይ የዚህን ጨረር ምስል አንሥተው ነበር፤ ነገሩ ስላልገባቸው ወደ ጎን አኖሩት። ሮንትገን ከሌሎቹ የተለየበት ነገር የተሻለ መሣሪያ አልነበረውም። ያልጠበቀውን ነገር ሲያይ ዐይኔ አታለለኝ ብሎ አላለፈውም፤ ቆመና መረመረው።

ሰባት ሳምንት ያህል ለማንም ሳይናገር ሠራ። መኖሪያ ቤቱ ከላቦራቶሪው በላይ ነበረ፤ ቢሆንም አንዳንድ ጊዜ የሚበላውም የሚተኛውም እዚያው ነበር። ባለቤቱ ምን እንደ ነካው አታውቅም ነበር። ታኅሣሥ 22 ቀን ወደ ላቦራቶሪ አስገባትና እጇን በፎቶግራፍ ሳህን ላይ አሳርፋ ለ15 ደቂቃ ያህል እንዳትንቀሳቀስ አደረገ። ሳህኑ ሲታጠብ የጣቶቿ አጥንትና በአንዱ ጣት ላይ የተንጠለጠለ የሚመስል ጥቁር ቀለበት ታየ። የገዛ ሞቷን ያየች መስሏት እንደ ደነገጠች ይነገራል። አጥንት ይህን ጨረር ከሥጋ ይበልጥ ስለሚከለክል ጥላው ጎልቶ ይታያል፤ ወርቅ ደግሞ ከአጥንትም ይብሳል፤ የምስሉ ምሥጢር ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 28 ቀን ጽሑፉን ለቩርትስቡርግ የሐኪሞችና የፊዚክስ ሊቃውንት ማኅበር ሰጠ። ጨረሩ ምን እንደ ሆነ ገና ስላላወቀ፣ የሒሳብ ሰዎች ላልታወቀ ቍጥር የሚሰጡትን ፊደል ወስዶ ኤክስ ጨረር አለው። በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን የጽሑፉን ቅጂዎች ከምስሎቹ ጋር በየአገሩ ለሚያውቃቸው ሊቃውንት በፖስታ ላከ። ጥቂት ቀን እንኳ ሳይቆይ የቪየና ጋዜጣ ወሬውን አወጣው፤ ከዚያም ዓለምን አዳረሰው። ጥር 13 ቀን በንጉሠ ነገሥቱ በዳግማዊ ዊልሄልም ፊት አሳየ። ጥር 23 ቀን በቩርትስቡርግ ንግግር ባደረገ ጊዜ የአንድ እውቅ አዛውንት የሕክምና ፕሮፌሰርን እጅ በጉባኤው ፊት አነሣ፤ ፕሮፌሰሩም ጨረሩ በሮንትገን ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ። ራሱ ሮንትገን ግን ኤክስ ጨረር የሚለውን ስም እንደ መረጠ ኖረ።

ይህ በሆነ በአምስተኛው ሳምንት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ የዐድዋ ጦርነት ሆነ። የሁለቱ ታሪኮች መንገድ የተገናኘው እዚህ ላይ ነው። ከዐድዋ ቈስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል ሁለቱ በክንዳቸው ውስጥ ጥይት ቀርቶባቸው ነበር። በናፖሊ የጦር ሆስፒታል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለው የጦር ሐኪም በዚያው በ1896 የጸደይ ወራት አዲሱን ጨረር ተጠቅሞ ጥይቱ ያለበትን ቦታ አገኘ። ጨረሩ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ የመጀመሪያው መሆኑን የሕክምና ታሪክ መዝግቦታል። ራጅ በጦር ሜዳ ሕክምና የጀመረው የኢትዮጵያ ጥይት ያለበትን ለመፈለግ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የእኛስ ቁስለኞች? እነዚያ ድል አድርገው በበቅሎና በቃሬዛ ወደ ሸዋ ሲመለሱ የጠበቃቸው የወጌሻው እጅ ነው። ከሩሲያ የመጣው የቀይ መስቀል ጓድ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ደርሶ ማከም ጀመረ፤ የደረሰው ግን ጦርነቱ ካለፈ ከወራት በኋላ ነው። በአጥንቱ ውስጥ ጥይት ይዞ ያረጀ ስንት አርበኛ ይኖር ይሆን! ጣሊያንኛ ጨረሮችን ራጂ ይላቸዋል። እኛም መሣሪያውን ዛሬ ራጅ ብለን ስንጠራው ያ ዘመን በአፋችን ውስጥ አለ።

ወደ ሮንትገን እንመለስ። ጨረሩ በታወቀ በጥቂት ወራት ውስጥ በየከተማው ያሉ ሐኪሞች ስብራትንና ጥይትን ያዩበት ጀመር። በጀርመን ታላላቅ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ባለመብትነቱን በስሙ አስመዝግቦ ቢሸጥላቸው ወይም ቢያከራያቸው ወደር የሌለው ሀብታም ይሆን ነበር። እርሱ ግን አላስመዘገበም። የተገኘው ዕውቀት የሰው ልጅ ሁሉ ነው፣ በአንድ ድርጅት እጅ ሊታሰር አይገባም የሚል እምነት ነበረው። በ1901 የኖቤል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የፊዚክሱን ሽልማት የተቀበለው እርሱ ነው፤ የሽልማቱንም ገንዘብ ለቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰጠው። የባቫሪያ መንግሥት የመኳንንት ማዕርግ ሊሰጠው ሲፈልግ፣ በስሙ ፊት የሚጨመረውን ቃል አልወሰደም።

ይህን ሁሉ ስል ሮንትገን ነቀፋ አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። በ1900 ወደ ሙኒክ ተዛውሮ ሳለ በ1914 የዓለም ጦርነት ሲነሣ፣ ዘጠና ሦስት የጀርመን ሊቃውንት የአገራቸውን ጦር ደግፈው ባወጡት መግለጫ ላይ ስሙን አኑሯል። በማይታየው ውስጥ ማየት የቻለ ሰው የገዛ መንግሥቱን ሥራ ግን እንደ ማንኛውም ሰው በጭፍን አየው። ሊቅነት በአንድ ነገር ላይ ሲሆን በሌላው እንዳያሳውር መጠንቀቅ እንደሚገባ ከዚህ እንማራለን።

ጨረሩም ራሱ ሌላ ፊት ነበረው። መጀመሪያ ላይ ማንም ጉዳቱን አላወቀም። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በየቀኑ እጁን እያነሣ ሲፈትን ቆዳው ተቃጠለ፤ ነቀርሳ ወጣበት፤ እጆቹ ተቈርጠውም አልዳነም፤ በ1904 ሞተ። በእርሱ መንገድ ያለፉ ብዙ ሐኪሞችና ሠራተኞች ናቸው። በ1936 በሐምቡርግ ከተማ ለእነዚህ ሰዎች መታሰቢያ ሐውልት ቆመላቸው። ዛሬ ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ ከግንብ በስተኋላ የሚቆመው፣ እርሳስ ያለበት ሽርጥ የሚለበሰው እነዚያ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ ነው።

የሮንትገን መጨረሻ ሐዘን የበዛበት ነው። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ታማ በ1919 ሞተች፤ እስከ መጨረሻው ያስታመማት እርሱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ የቈጠበው ሁሉ ባዶ ሆነ። በዓለም ላይ በየሆስፒታሉ በሥራው ገንዘብ ሲገኝ እርሱ በቍጠባ የሚኖር አዛውንት ሆነ። የካቲት 10 ቀን 1923 በሙኒክ በአንጀት ነቀርሳ ሞተ፤ ዕድሜው 77 ነበር። በኑዛዜው መሠረት ደብዳቤዎቹ ተቃጠሉ። የተቀበረውም በጊሰን፣ ከባለቤቱ አጠገብ ነው።

ከእርሱ በኋላ መንገዱን ብዙዎች ቀጠሉት። ማሪ ኩሪ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ራጅ በመኪና ላይ ጭና ወደ ቁስለኞቹ ሄደች፤ ቁስለኛው እስኪመጣ አልጠበቀችም። በጆሃንስበርግ የተወለደው አለን ኮርማክ በኬፕታውን ሆስፒታል ሲሠራ ያሰበው የሒሳብ ነገር፣ ከእንግሊዛዊው ከሃውንስፊልድ ሥራ ጋር ተደምሮ፣ ሲቲ ስካን የሚባለውን መሣሪያ አስገኘ፤ ሁለቱም በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በማግኔት የሚያነሣው ኤምአርአይ መጣ፤ በድምፅ ሞገድ የሚያየው አልትራሳውንድ መጣ። በ2021 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት የደረት ራጅን ኮምፒውተር አንብቦ የሳንባ ነቀርሳ የሚጠረጠርበትን እንዲለይ መከረ። መሣሪያውም እየቀለለ ሄዶ በሻንጣ የሚያዝ ሆኗል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሮንትገን ጨረሩን ለሰው ልጅ ሁሉ ያለ ዋጋ ከሰጠው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስጦታው ከቩርትስቡርግ ተነሥቶ በአምስተኛው ወር ናፖሊ ደርሷል። ከአዲስ አበባ እስከ ሰበታ ግን ገና በመንገድ ላይ ያለ ይመስላል። በጤና ጣቢያ ብዙውን ጊዜ ራጅ አይገኝም፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውሎ የሚያስለው የሰበታ ሠራተኛ፣ ድንጋይ ሲፈልጥ እግሩ የተመታው የቡራዩ ሰው፣ ከብት የረገጠው የሱሉልታ እረኛ የአንድ ቀን ገቢውን ትቶ፣ ተሳፍሮ፣ ተሰልፎ ጥላውን ሊያይ ወደ ከተማ ይገባል። ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሲቈጠር ጥቂት ነው፤ በገንዘብና በጊዜ ሲቈጠር ግን የጎረቤታችንን ልጅ ክንድ ያህል ዋጋ አስከፍሏል።

ይህን ለመለወጥ ሁለተኛ ሮንትገን መወለድ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ማሪ ኩሪ እንዳደረገችው መሣሪያውን ወደ በሽተኛው የሚወስድ ሰው ነው። በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምና መሣሪያ ምሕንድስና የሚማሩ ጓደኞች አሉን፤ የቆመን ማሽን የሚያስነሣ እጅ ከእነርሱ ይጠበቃል። ሐኪም የሚሆኑት ከከተማ ወጥተው ለመሥራት ይቍረጡ። እኛ በሥነ ጽሑፍ ያለነው ደግሞ ለወጌሻውና ለእናቲቱ በሚገባ ቋንቋ፣ እስር ከጠበቀና ጣት ከጠቈረ አንድ ቀን እንኳ መዘግየት እንደማይገባ መጻፍ እንችላለን። ወጌሻውን በመናቅ ይህ አይገኝም፤ እጁ ብዙ ዘመን አገልግሎናል። ከእጁ ጋር ዐይን እንዲጨመርለት ብቻ ነው የምንለው።

ከዚህ ሕይወት ሌላውን ሁሉ ብረሳ ሁለት ነገር አልረሳም። ያ ወጣት ጓደኛውን አሳልፎ አልሰጠም፤ ያ ሽማግሌ ደግሞ የሰውን ሁሉ ሀብት ለራሱ አላደረገም። በነገው ማለዳ ሰፊ ፖስታ በጭኑ ላይ የያዘ ሰው አጠገብ የምትቀመጡ ሁሉ፣ ቦታ ልቀቁለት።